የበር ላይ ቀለም

ዕቁቡ ወጣልን በመስከረም ወር፣
ዘርፌና እኔ ሆነን ዞርን በር ለበር፣
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው እስከ ጠባሴ፣
ነፋሱ እየገባ በኮቴ በኪሴ።
ደላላው ሸዋንግዛው ከፊት ይመራናል፣
አንድ ጆሮው ስልክ ላይ፣ ባንዱ ያደምጠናል።

መጀመሪያ ያየነው የቆርቆሮ በር ላይ
«የሚሸጥ ቤት» ይላል፣ ፊደሉ ቀይ በቀይ፤
የ«ጥ» እግሯ ቀልጦ ወርዷል እስከ መሬት።
ዘርፌ አየችና፣ «ይኸውና ቤት!»
ደስታዋን ሳትጨርስ ሸዋንግዛው ሳቀ፦
«የሚሸጥ ያለ ሁሉ መች መሸጥ አወቀ?
ይኼ ሰውዬ እኮ ዋጋ ነው የሚጠይቅ፣
ከወንድሙ ሲካፈል ድርሻው እንዲታወቅ።
ስድስት ሰው አስገባሁ፣ ሁሉም አየ፣ ለካ፤
ዋጋው ብቻ ሄደ፣ ቤቱ ሳይነካ።»

ሁለተኛው ድንጋይ ነው፣ የድሮ ግንበኛ እጅ፣
ጓሮው ሁለት ፖም ያለው፣ ፊቱ የፀሐይ ደጅ።
በሩ ላይ «የሚሸጥ» በቀይ፣ በከሰል ግን ተሰርዟል፤
እማማ አስካለ ወጡ፦ «ልጆቼ፣ ቀብድ ተይዟል።»
ዘርፌ ዝም አለች። መዳፏ ግን ግድግዳው ላይ ነው፣
ፀሐይ ያሞቀውን ድንጋይ እንደ ግንባር ነክታው።
ሸዋንግዛው ወደ ጎን ሳብ አድርጎን፦ «ስሙኝማ፣
ተይዟል ማለት አልቋል አይደለም፤ ቀለበት ነው እኮ፣ እናንተማ!
ሰርጉ ገና ነው። ሰጪው ቢቀር ገንዘቡ ይቀራል፣
ተቀባይ ቢክድ ደግሞ እጥፉን ይከፍላል።
ስልካችሁን ተዉላቸው።» ተውን።

ሦስተኛው ዝም ያለ ነው፤ ሰማያዊ በሩ ላይ ምንም የለ፣
ዋጋውም ከሁሉ እጅግ የቀለለ።
ማዘጋጃ ቤት ሄድን። መዝገብ ቤት ያለችው
ጋቢዋን ደርባ ፋይሉን ገለጠችው፤
«እግድ አለበት» አለች፣ ቀና ሳትል ካንገት፣
«እህትየው ከሳለች፤ የባንክ ዕዳም አለበት።»

ከበሬሳ ማዶ ሌላ በር ደግሞ አለ፣
«ይህ ቤት አይሸጥም» የሚል የተሳለ።
«ማንስ ሽጥ አለው?» ብዬ ልቀልድ ስል፣
ሸዋንግዛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቀስ ሲል፦
«ልጆቹ ናቸው የጻፉት። አባት በመጠጥ ቤት
ለሁለት ሰው ሸጦታል፣ በዚያው በአንድ ሌሊት።»

ጥቅምት አለፈ። የኅዳር ውርጭ በረታ፣
ዘርፌ ስልኩን አትለቅም፣ ቀንም ሆነ ማታ።
በተደወለ ቁጥር ብድግ ትላለች፣
«ምናልባት ያ ሰውዬ አልሞላለት ይሆን?» ትለኛለች።
አፈርኩ። በሰው መጉደል ላይ ተስፋ እንዲህ ይጣላል?
ግን እኔም እጸልይ ነበር፤ ቤት የሌለው ምን ይላል።

በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት እማማ አስካለ ደወሉ፦
«ያ ልጅ አልሞላለትም። ቀብድህን ውሰድ አልኩት፣ ሙሉ።
ሕጉ ለርስዎ ነው ብለውኝ ነበር። ሚስቱ እርጉዝ ናት፣ እንዴት ልብላው?
እንግዲህ ከፈለጋችሁ ኑ። ቤቱም ያው፣ ዋጋውም ያው።»

ተዋዋልን። ሦስት ምስክር፣ አሻራ፣ ፊርማ፣
«ተሽጧል!» አለ ደላላው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።
እማማ አስካለ ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ፣
ክሩን ግን መልሰው አጠለቁት፣ እሱን አልሰጡ።
ካርታው ላይ ግን ስማቸው ነበር። አራት ወራት፣
እኛ በቤቱ፣ እሳቸው በወረቀት፣
አብረን ኖርን።

በሩን አረንጓዴ ቀባሁት፣ ሁለት ጊዜ ደረብኩ፤
ሐምሌ ዝናቡ ሲመታው ከሥር ቀዩን ታዘብኩ።
ትላንት በሩ ተንኳኳ። ባልና ሚስት፣ ወጣት፣
ባንድ ጃንጥላ፣ አንድ አንድ ትከሻቸው ርሶባቸው፣ በብርድ ሰዓት።
«ጌታዬ፣ ይሸጣል እንዴ?»
ዘርፌ ቀደመችኝ። «አይሸጥም» አለች።
ከዚያ በሩን ሰፋ አድርጋ፦
«ግን ግቡ፣ ዝናቡ ያባራ።
ያን ሰማያዊውን በር ደግሞ፣ እግድ አለበት፣ እንዳትነኩት፣ አደራ።»